ማብሪያው ላይ የተሰቀለች ኮፍያ

ውድ የወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የኦማሃ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ሁለቱ ሽማግሌዎች ደህና ነን፤ እኔ ግን አንድ ክስ አለኝ። አባትሽ ቦት ጫማዬን ወርሶኛል። በሩ ላይ ባስቀመጥኩት ቁጥር ቀድሞኝ አጥልቆት ይወጣል፤ እኔ በሸበጥ ጭቃው ውስጥ እንደ ዳክዬ እንገዳገዳለሁ። "ያንተስ የት ሄደ?" ስለው፣ "እግርህ እንደ አፍህ ሰፊ ስለሆነ ተመችቶኛል" ብሎ ይስቅብኛል።

የሱ ግራ ጫማ የት እንዳለ እኔ ልንገርሽ። በስልክ ያልነገርኩሽ አጠገቤ ሆኖ ስለሚሰማ ነው።

የገጠምሽልን መሣሪያ ጠቅሞናል፤ አልክድም። በቆሎው ሲረጥብ ማድረቂያው ራሱ ይነሳል። ጎረቤቶቻችን ትልቁን ድርጅት ትተው እህላቸውን እኛ ጋ ያስቀምጣሉ። መኪና ሲመጣም አንቺ ከቢሮሽ ስልክሽን ትነኪና ከጎተራው ሥር ያለው ማሽን በቆሎውን ስቦ ይጭናል።

አባትሽ ግን ያው በድሮው ልማዱ ነው። ተጋግሮ የቆመውን በቆሎ በዘንግ ሊሰብር ጎተራው ውስጥ ሲገባ ቀይ ኮፍያውን የማሽኑ ማብሪያ ላይ ይሰቅላል። እህሉ ከሥር ከተሳበ ላዩ ላይ የቆመ ሰው አብሮ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ኮፍያዋ ካለች ማብሪያውን ማንም አይነካም። ስልክሽ ግን ኮፍያ አያይም።

ባለፈው ማክሰኞ ሾፌሩ ድዌን ደወለልሽ፤ አስነሳሽለት። ኮፍያዋ ተሰቅላ ነበር። በቆሎው አባትሽን እስከ ጉልበቱ ዋጠው። መሰላሉን ጨብጦ ወጣ፤ ግራ ጫማው እዚያው ቀረ። "ለልጅቷ ትንፍሽ እንዳትል፣ ዕድሜ ልኳን ራሷን ትወቅሳለች" ብሎ አስማለኝ። መሐላ ላይ ጎበዝ እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። የመሣሪያሽን የኤሌክትሪክ ገመድ ብነቅለው፣ "ደንበኛ ልታባርርብኝ ነው እንዴ አንተ ጅል!" ብሎ መልሶ ሰካው።

እባክሽ፣ ይህ እንደደረሰሽ ስልክሽ ላይ ያለውን ማስነሻ አጥፊው። ድዌን የሚመለሰው በሚቀጥለው ሳምንት ስለሆነ ደብዳቤው ይቀድመዋል።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ።

ነገር የማያድርበት አጎትሽ

በሩን የሚደበድበው ማነው ብዬ ነበር፤ ድዌን ነው። ገና ከደጅ ሆኖ አባትሽን እየፈለገ፣ "ቨርሊን የት ገባ? አጣሁት እኮ! መኪናዬን አስጠግቻለሁ፤ ልጅቷም አሁን አስነሳዋለሁ ብላኛለች" እያለ ይጮኻል።

ጫማዬ በሩ ላይ የለም።