ሽቦ አልባው ጊታር

መምህር ኃይለመስቀል፣

ለለቅሶ ሁሩታ ወርጃለሁ። እሑድ እመለሳለሁ።

የጊታርህን ድምፅ ያለ ሽቦ ወደ ሬዲዮ ከሚልኩት፣ ካማከርከኝ ከሁለቱ ዕቃዎች ርካሹን ግዛ። ለቤት ልምምድ ይበቃሃል። ሬዲዮ አትግዛ፣ የእኔን ውሰድ። ድምፁን ግን ቀንስ፤ ጎረቤት ሬዲዮ ላይ ከገባ ቀበሌ ይጠይቀናል።

«ሽቦ አልባ ጊታር» ስትል ክሩ የሌለ መስሎኝ «ታዲያ ምኑን ትመታዋለህ?» አልኩህ። ክራሬን ልትሰማ ትመጣ የነበረችው ጎረቤታችን ውድነሽ «ኧረ አባባ መርሻ!» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

እስከዚያ ቀን መርሻ ብቻ ነበር የምትለኝ።

አንተ አልሳቅህም። ከዚያ በኋላ በሩን የዘጋሁብህ አጥፍተህ አይደለም።

ውድነሽ ስለ ክራሩ ከጠየቀችህ፣ ይዞት ሄዷል በላት።

ካልጠየቀች ግን ለእኔ አትንገረኝ።

መርሻ