በእጅ ብቻ የሚወራበት ባሕር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ኦቦ ቶለሳ ሻይ ቤት፣ ጓደኛዬ ጫልቱ በስልኳ ስሟን ሰምተን በማናውቃት ደሴት የአየር ጋን አዝለው ባሕር ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎችን አሳየችን። እዚያ ወሬ በእጅ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥመው ክብ ከሠሩ «ደህና ነህ?» ማለት ነው፤ መልሱም ያው ክብ ነው። ኦቦ ቶለሳም በወፍራም ጣታቸው እየሞከሩ ሳቁ።

ድንገት ደጃፉ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ኦቦ ቶለሳ የብረት በሩን ጠረቀሙት፤ ሁላችንም ወለሉ ላይ ተኛን። ከውጭ አንዲት ሴት «ኦቦ፣ ናፍ በና! ይክፈቱልኝ!» ብላ ጮኸች። ኦቦ ቶለሳ ሊነሱ ሲሉ እግራቸውን ጨምድጄ ያዝኩ። ረግጠውኝ ሄደው ከፈቱላት። እሷም ገባች፣ ጥይቱም ገባ።

ጫልቱ ከጠረጴዛ ሥር ሆና በጣቷ ክብ ሠርታ አሳየችኝ፤ መለስኩላት። ወደ ኦቦ ቶለሳ ዞራ አሳየቻቸው። ደጋግማ አሳየቻቸው። እጃቸው ደሙ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።