ሪባኑ ያልተቆረጠለት የጆሮ ማሽን

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ በተለይ የጆሮዎን። እኔ መሳለሚያ አጠገብ ቁልፍ፣ ክርና ሪባን የምሸጥ ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ በማታ ትምህርት ስለሆነ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ይታገሡኝ፤ መታገሥን እኛም ከእርስዎ ዘንድ ተምረናል።

በቅድሚያ ስለ አዲሱ ማሽን አመሰግናለሁ። የልጅ ልጄን ሉብናን ማጅራት ገትር መስማት ከነሳት ወዲህ ዶክተር ሃብታሙ እንዳስረዱኝ፣ በዚህ ማሽን የጭንቅላቷ ምስል ስክሪን ላይ እየታየ፣ ከጆሮዋ ጀርባ በጠባብ ቀዳዳ ተገብቶ፣ የፊቷ ነርቭ ሳይነካ፣ የምታሰማት ቀጭን ሽቦ ውስጠኛው ጆሮዋ ውስጥ ትቀመጣለች። የሚተከለው መሣሪያ በእርዳታ መጥቷል፤ ሐኪሙም አሉ፤ ማሽኑም ገብቷል። የቀረው ምረቃው ብቻ ነው።

ስለዚህ ቅሬታዬን በቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ማሽኑን በላስቲክ እንደተሸፈነ በበሩ መስታወት አየሁት። «ከምረቃው በፊት መንካት ክልክል ነው» የሚለውንም ወረቀት ያለማንም እርዳታ አነበብኩት። የማታ አስተማሪዬ ወይዘሮ ኤልሳቤት ለካ ለዚህ ቀን ነበር የደከሙት።

ሁለተኛ፣ ሪባኑን የሚቆርጡት የክብር እንግዳ መጀመሪያ ውጭ አገር ነበሩ፤ ሲመለሱ ግምገማ ገቡ፤ ከግምገማው ሲወጡ ደግሞ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ። አሁን ለአዲሱ ሹም አዲስ የጥሪ ካርድ እየታተመ እንደሆነ ተነግሮኛል። ካርዱ እንዲያምር እጸልያለሁ።

ሦስተኛ፣ ማጅራት ገትር የመታው ውስጠኛ ጆሮ እያደር በአጥንት ይሞላል። ሐኪሙ ባለፈው በሌላ ማሽን የተነሣውን የሉብናን ምስል አይተው፣ «እትዬ ጠሂራ፣ መንገዱ እየተዘጋ ነው፤ ከተዘጋ ሽቦው የሚገባበት የለም» አሉኝ። ታዲያ ለምን አይጀምሩም ብላቸው፣ ቀና ብለው የእርስዎን ቢሮ መስኮት አዩ። አጥንቱ የጥሪ ካርድ አልደረሰውም መሰለኝ፣ ምረቃውን ሳይጠብቅ ሥራ ጀምሯል።

ለሚቀጥለው ቁጥር መስጠት አልቻልኩም። ሉብና ከመታመሟ በፊት ሱቄ በር ላይ ቆማ «ሪባን፣ ሪባን» እያለች ደንበኛ ትጠራልኝ ነበር። አሁን ቃሎቿ አንድ በአንድ እየጠፉባት ነው፤ ባለፈው ሳምንት ልትጠራኝ አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን ስሜ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ሱቁን ከፍቼ መልሼ እዘጋለሁ፤ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄጄ ለምን እንደሄድኩ ሳላውቅ እመለሳለሁ።

ውለታዎን ግን አልረሳሁም። ምረቃው በተላለፈ ቁጥር የግዢ ሠራተኛዎ ጃፋር፣ የቀድሞው አቧራ ለብሷል እያለ ከእኔው ሱቅ አዲስ ቀይ ሪባን ይወስዳል። ከቤታችን ወደዚያ ክፍል የመግባት ዕድል ያገኘው እስካሁን ሪባናችን ብቻ ነው።

ለክብር እንግዳዎ መልካም መንገድ፣ ለመቀስዎ ስለት፣ ለእርስዎም ከመስኮትዎ ቁልቁል የማየት ብርታት እየተመኘሁ፣ በደጅዎ በቆምኩበት እጅ እነሣለሁ።

ጠሂራ ሙነወር፣ የሉብና አያት
መርካቶ፣ ጥር 2006 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ጃፋር ትናንት የወሰደውን ሪባን ጠቅልዬ ከመስጠቴ በፊት መሀሉን በራሴ መቀስ ቆርጬዋለሁ። ሉብናም አጠገቤ ቆማ፣ የራሷን ጭብጨባ ባትሰማውም፣ አጨብጭባለች። ማሽኑ ተመርቋልና ልጅቷን ይጥሩልን።