የወይዘሮ አገኘሁሽ ዕረፍት፣ አስቀድሞ ለልጆቹ የተነገረ መርዶ

ጎንደር፣ ግንቦት ፳፯ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ከቀሃ ማዶ የሕፃናት ማቆያ ቤት ማኅበር፤ ለማኅበሩ አባላት፣ ለቤቱ ሠራተኞችና ለከተማው ሕዝብ።

የማቆያ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ አገኘሁሽ ወልደኢየሱስ እኅታቸውን ሊጠይቁ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ እንፍራንዝ ወርደው ሳለ በተስቦ ታመው ግንቦት ፲፱ ቀን ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም እዚያው ተወልደው ባደጉበት ደብር ተፈጽሟል። ማኅበሩ በዕረፍታቸው እጅግ አዝኗል። ይህ መግለጫ ሳምንት ያህል ዘግይቶ የወጣበት ምክንያት ከታች ተጽፏል፤ አንዳንድ አባላት እንዳሙት የጸሐፊው ስንፍና አይደለም።

ወይዘሮ አገኘሁሽ ወደ ማኅበራችን ከመምጣታቸው በፊት በእንፍራንዝና በአካባቢው በሙሾ አውራጅነት የታወቁ ነበሩ። በ፲፱፻፳፱ ዓ.ም. ቤቱ ተከፍቶ እርሳቸው ኃላፊ እንዲሆኑ በታጩ ጊዜ፣ ሙሾ አውራጅ ለሕፃናት ምን ትሠራለች፣ ልታስለቅሳቸው ነውን ብለው የተቃወሙ አባላት ነበሩ። በኋላ እንደታየው ነገሩ እንደዚያው ነበር።

በዚያው ዓመት ወደ ቤቱ የገቡት ሕፃናት አብዛኞቹ አባታቸውን ወይም እናታቸውን፣ አንዳንዶቹም ሁለቱንም ያጡ ነበሩ። እንዴት እንዳጧቸው እዚህ አይዘረዘርም፤ ወረቀቱ ሕዝብ ፊት ከመነበቡ በፊት በጣሊያኖቹ ቢሮ ይታያል፣ አንባቢውም ያውቀዋል። በአገራችን ልማድ ለሕፃን መርዶ አይነገርም። ስለዚህ ልጆቹ ሁሉ አባታችሁ ለፋሲካ ይመጣል ተብለው ነበር የመጡት። ፋሲካ በደረሰ ጊዜ በሩ ላይ ቆመው ዋሉ፤ የተሠራላቸውንም ወጥ አልቀመሱም። ከዚያ በኋላ ማታ የሚሸና፣ ጓደኛውን የሚነክስ፣ ጭራሽ መናገር የተወ ልጅ በዛ። ወይዘሮ አገኘሁሽ ማኅበሩን ሰብስበው፣ «ለፋሲካ ይመጣል ያላችሁት ልጅ ፋሲካን ጠልቶ ያድጋል። እኔ ልንገራቸው» አሉ። ማኅበሩም ከብዙ ክርክር በኋላ ፈቀደ።

መርዶው በቤቱ ውስጥ የሚነገርበትን ሥርዓት የደነገጉት እርሳቸው ናቸው። እንደ ትልልቅ ሰዎች መርዶ ጎሕ ሲቀድ ከእንቅልፍ ቀስቅሶ መንገር ቀረ። ልጁ ከበላና ከተጫወተ በኋላ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ከሚወደው ጓደኛው ጎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ይነገረዋል። ሞተ የሚለው ቃል በሌላ ቃል አይሸፈንም። ልጁ እስኪበቃው ድረስ ያለቅሳል፤ አይዞህ፣ ወንድ አያለቅስም ማለት በግቢው ክልክል ነው። እንባ እንቢ ላለው ልጅ ወይዘሮ አገኘሁሽ የአባቱን ስም እየጠሩ፣ የሚወደውን ምግብና የሚፎክርበትን በሬ እያነሡ በዝግታ ያንጎራጉሩለት ነበር። መንከሱ በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ እየቀነሰ ግን ሄዷል።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. አንድ ስሕተት ተፈጽሟል፤ ይህም ከሥራቸው የማይለይ ስለሆነ ይጻፋል። ጌታው ባዬ የተባለው ሕፃን እናቱ የሞተችበት ነው። አባቱም ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ በሚወርደው መንገድ ሥራ ላይ ሳለ ገደል ተንዶበት ሞተ የሚል ወሬ ከገበያ መጣ። ወይዘሮ አገኘሁሽ ወሬውን አምነው ልጁን መርዶ አረዱት። ከጥምቀት በኋላ ግን አባቱ ባዬ በአንድ እግሩ እያነከሰ በሕይወት መጣ። ልጁ አባቱን ባየ ጊዜ ጮኾ ከጎተራው ኋላ ተደበቀ፤ ከእጁም እህል አልቀበልም አለ። ይህ ብዙ ቀን ቆየ።

ወይዘሮ አገኘሁሽ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ልጁ ፊት ተንበረከኩ። ታላቅ ለታናሽ፣ ያውም ጥርሱን ላልቀየረ ሕፃን፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቁ በከተማው ብዙ አነጋግሯል። ልጁ ከጎተራው ኋላ ወጥቶ ድንጋዩን በሁለት እጁ ጎትቶ አወረደላቸው። ቀጥሎም፣ «ማን አይቶ ነገረሽ?» አላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓይኑ ያየ ወይም በእጁ የቀበረ ሰው ቀርቦ ካልተናገረ በቀር በቤቱ መርዶ እንዳይነገር ተወሰነ። ባዬ ዛሬም በመንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ለበዓል ሲመጣ ልጁ እስከ ከተማው ዳር ድረስ ወጥቶ ይቀበለዋል። ልጆቹ ሁሉ ግን ጥያቄውን ተያያዙት። ሽሮው ገና አልበሰለም ቢባሉ እንኳ «ማን አየ?» ማለት ልማዳቸው ሆኗል፤ ወጥ ቤቷም በዚህ አቤቱታ አቅርባለች።

በ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. ወይዘሮ አገኘሁሽ የቀጥቃጩንም፣ የሸማኔውንም፣ የካህኑንም ልጅ በአንድ ምንጣፍ አስቀመጡ። በዚህ ምክንያት ልጆቻቸውን የወሰዱ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ጥቂቶቹ ቆይተው መልሰዋል። ልጆቹ ሲጣሉም ትልቅ ሰው ጣልቃ ሳይገባ ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌ ሆኖ እንዲያስታርቅ ሥርዓት አወጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሁለቱም ተጣዮች ቆሏቸውን ለእርሱ እንዲሰጡ ፈርዶ ነበር። ፍርዱን ከየት እንደተማረው አልተጣራም። ሁለቱ ተጣዮች ግን በሽማግሌው ላይ አንድ ሆነው ታርቀዋል፤ ወይዘሮ አገኘሁሽም ሸጋ ፍርድ ነው ብለው አጽድቀውታል።

ከዚህ በላይ የተጠቀሰው የመዘግየት ምክንያት የሚከተለው ነው። የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ አዘዘ ንብረት የሕመሙን ወሬ ሰምተው ወደ እንፍራንዝ ወርደው ነበር፤ ቀብረው ተመለሱ። በተጠራው ስብሰባ ላይም ለልጆቹ እንዳይነገር አሳሰቡ። «ምነው፣ አንድ ጊዜ እናት ያጣ ልጅ ሁለተኛ እናቱን ይጣ? ዋልድባ ገብታ መነኮሰች እንበላቸው፤ ሲያድጉ ይደርሱበታል» አሉ። ከአባላቱ የሚበዙት ተስማሙ። መግለጫው ተጽፎ ለሕዝብ ቢነበብ ወሬው ለልጆቹ መድረሱ አይቀርምና እርሱም እንዲቀር ታሰበ።

በዚህ ጊዜ የወይዘሮ አገኘሁሽ ረዳት የነበሩት ወይዘሮ አስናቀች ተነሥተው፣ «እሺ፣ ዋልድባ ሄዳለች በሏቸው። ማን አየ ሲሏችሁ ማናችሁ ትመልሳላችሁ?» አሉ። በቤቱ ሥርዓት መሠረት መናገር የሚችል ያየ ሰው ነው፤ ከጎንደር ሄዶ ያየውም አቶ አዘዘ ብቻ ነበሩ። ነገሩ በእርሳቸው ላይ ወደቀ።

በማግስቱ ልጆቹ ምሳቸውን ከበሉና ከተጫወቱ በኋላ አቶ አዘዘ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። «ልጆቼ፣ አገኘሁሽ ሞታለች» አሏቸው። ጌታው ባዬ ከመካከል፣ «ማን አየ፣ አያ አዘዘ?» ብሎ ጠየቀ። «እኔ አየሁ። አፈሩንም በዚህ እጄ መለስሁባት» ብለው መለሱ።

አቶ አዘዘ ከልጆቹ ሁሉ አስቀድመው አለቀሱ። ወንድ አያለቅስም ያላቸው ልጅ አልነበረም፤ በቤቱ ክልክል ነው። ጌታው አጠገባቸው ተጠግቶ ተቀመጠ፣ እስኪበቃቸውም ጠበቃቸው። ኋላ ሁሉም አለቀሱ።

ማኅበሩ ለእንፍራንዝ ዘመዶቻቸው፣ ለወይዘሮ አስናቀችና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል። የመጀመሪያው ማጽናናት ግን የሚገባው ለልጆቹ ነው፤ ስለዚህ ልቅሶው የሚቀመጠው በማቆያ ቤቱ ነው። ለማልቀስ የሚመጣ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ልጆቹ ማን አየ ብለው ይጠይቁታል። ያየ ይንገራቸው፤ ያላየ አጠገባቸው ይቀመጥ።