ሥራቸውን ጨርሰው ዝም የሚሉ መሣሪያዎችን የሠሩት የ«ምላጩ» ዕረፍት

ከመዝገብ ቤቱ የኮምፒውተር መሣሪያ ሠሪዎች ማኅበር
ለሠራተኞች፣ ለአባላትና ለባለጉዳዮች በሙሉ

ቀድሞ ጠራዥ፣ በኋላም መሣሪያ ሠሪ የነበሩትና ሁላችሁም «ምላጩ» እያላችሁ የምትጠሯቸው ባልደረባችን፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ ከልብ አዝኗል። ሐዘኑን ሲገልጽም የሆነውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይጽፋል።

ባለጉዳይ በሚስተናገድባቸው መስኮቶች ያሉት ኮምፒውተሮች በማውስ የሚታዘዙ ተራ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ናቸው። የማኅበሩ አባላት በእነዚህ ላይ ዩኒክስ እንደሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራ ሶፍትዌር ጭነዋል። በስክሪኑ ላይ ጥቁር መስኮት ይከፈታል፣ ትእዛዙ በቃላት ይጻፋል፣ መሣሪያ የምንላት አንዲት ትንሽ ፕሮግራምም ሥራዋን ትሠራለች። አንዷ የጨረሰችው በቧንቧ እንደሚሄድ ውኃ ወደ ቀጣይዋ ይፈስሳል።

ሟቹ ማኅበሩ በተመሠረተ በሁለተኛው ዓመት ከጥረዛ ክፍል ወደ እኛ ተዛወሩ። ይህን ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩም። ይህ በቀብራቸው ዕለት ተደጋግሞ ተነግሯል። የማኅበሩ ዋና ጸሐፊም ትምህርት ቤት ገብተው አለመማራቸውን የሚያነሣ ግን አልተገኘም።

በአራተኛው ዓመት «ቁረጥ»፣ «ለይ» እና «ደርድር» የተባሉትን ሦስት መሣሪያዎች ሠሩ። የመጀመሪያው ከረጅም መዝገብ የተፈለገውን ዐምድ ይቆርጣል፤ ሁለተኛው የሚፈለጉትን መስመሮች ይመርጣል፤ ሦስተኛው ስሞችን በፊደል ተራ ያስቀምጣል። ከሦስቱ አንዱም አንድ ገጽ አይሞላም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዋና ጸሐፊው ሦስቱንም ሥራ ብቻውን የሚሠራውን «ሰብሳቢ» ሠርተው ማስረከባቸው በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ይገኛል። «ሰብሳቢ» ሠላሳ አንድ አማራጮች ያሉት ሲሆን፣ ሲጨርስም ከውጤቱ ግርጌ «ሥራው ተፈጽሟል» ብሎ ይጽፋል። የሟቹ መሣሪያዎች ሲሳካላቸው ምንም አይሉም፤ የሚናገሩት ሲበላሽ ብቻ ነው።

በሰባተኛው ዓመት በዚሁ ጉዳይ ላይ ስብሰባ ተደረገ። ዋና ጸሐፊው፣ ዝም የሚል መሣሪያ ይሥራ ይተኛ በምን ይታወቃል ሲሉ ጠየቁ። ሟቹ በዕድሜ ያንሱ ነበርና እንዲህ ብለው መለሱ፦ «ጋሼ፣ አካፋዎ አፈር ባነሣ ቁጥር ‹አነሣሁ፣ አነሣሁ› እያለ ቢለፈልፍብዎ ይታገሡታል?» ጉባኤው ሳቀ። ዋና ጸሐፊው አልሳቁም፤ ዛሬም መልሱ በቂ ነው ብለው አያምኑም።

በአሥራ አንደኛው ዓመት በመስኮቶቹ ላይ የማን መሣሪያ ይሠራበት የሚለው ለድምፅ ቀረበ። አሥራ ሰባት ለአንድ ሆነ። አንዱ ድምፅ የማን እንደሆነ አባላት ያውቃሉ።

በአሥራ አምስተኛው ዓመት የአርባ ሺህ ሰዎች ስም ዝርዝር ተዘበራርቆ ሲገኝ፣ ሟቹ ሦስቱን መሣሪያዎች በአንድ መስመር አያይዘው ከሻይ ሰዓት በፊት አስተካከሉት። ያው ሥራ በ«ሰብሳቢ» ዘጠኝ ቀን ፈጅቷል። ያም ቢሆን የ«ሰብሳቢ» ውጤት ይበልጥ የተብራራ ነበር።

በቀብራቸው ላይ የመስኮት ሠራተኞች አንድም ሳይቀሩ ተገኝተዋል፤ ሾፌሮቹና ጥበቃዎቹም መጥተዋል። የእንጨት ሣጥን የሚሠሩት ጎረቤታቸው ሳይቀሩ «ደርድር»ን በስም ጠርተው አመስግነዋል። ዋና ጸሐፊው ለሠላሳ ዓመት አገልግለው እስከ ዛሬ ቅጽል ስም እንኳ አልወጣላቸውም።

ከቀብሩ በኋላ አባላት ለሟቹ መታሰቢያ ይደረግ አሉ። ዋና ጸሐፊው ሥራውን ራሳቸው ያዙ። የ«ደርድር»ን ውስጥ ሳያነቡ ጫፉ ላይ ትእዛዝ ጨምረው፣ በሠራ ቁጥር የሟቹን ስም የያዘ አንድ መስመር እንዲጽፍ አደረጉ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ይናገር ብለው ነው። «ሰብሳቢ» ብቻውን የሚሠራ በመሆኑ፣ የ«ደርድር» ቃል በቧንቧው ወርዶ የት እንደሚደርስ አላሰቡም።

ስሙ ወርዶ በ«ደርድር» ከሚወጣው የባለጉዳዮች ተራ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አዲሷ የመስኮት ሠራተኛ ዝርዝሩን ይዛ «ምላጩ የሚባሉ፣ መስኮት ሦስት!» ብላ ተጣራች። የሟቹ ባለቤት ሞቱን ለማስመዝገብ መጥተው እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱና፣ «ልጄ፣ ባሌ ካረፈ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። በቁሙ ስሙን አስጠርቶ አያውቅም። አሁን ማነው ተራ ያስያዘው?» አሉ።

ያስያዙት ዋና ጸሐፊው ናቸው። ጥፋቱ የሳቸው ብቻ ነው። በዚያው ዕለት መስመሩን አውጥተው፣ ሟቹ ቤት ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል። ባለቤታቸው ወንበር ስበው አስቀመጧቸውና፣ «‹ጋሼ መሣሪያዬን ሳያዩ አልሞትም› ይል ነበር። ለመሆኑ አይተውት ያውቃሉ?» ሲሉ ጠየቋቸው። ዋና ጸሐፊው ለሃያ ዓመት ያህል አንድም ጊዜ እንዳላነበቡት ተናገሩ።

አሁን አይተውታል። «ደርድር» ሠላሳ ስምንት መስመር ነው። ዋና ጸሐፊው የሚቀንሱለት ፈልገው አላገኙም። የሚጨምሩለትም አላገኙም። ይህን ሲጽፉ ደስ ብሏቸው አይደለም።

ማኅበሩ የሦስቱን መሣሪያዎች ጠባቂነት ለዋና ጸሐፊው ሰጥቷል። እሳቸውም ስለ «ሰብሳቢ» ያላቸውን አቋም ሳይለውጡ፣ ሦስቱን ሟቹ እንደተዉአቸው ሊጠብቁ ተቀብለዋል። ከእንግዲህ በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ የማንም ስም አይጻፍም፤ የጠባቂያቸውም ጭምር።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ ለታናሽ ወንድማቸው፣ በጥረዛ ክፍል ለነበሩ የድሮ ባልደረቦቻቸውና በየመስኮቱ ለምትሠሩ ሁሉ ማኅበራችን መጽናናትን ይመኛል።

የሐዘናቸው ተካፋይ የሆኑት የሰማንያ ሦስት ሰዎች ስም ከዚህ መግለጫ ጋር ተያይዞ ለቤተሰቡ ይደርሳል። ዝርዝሩን ዋና ጸሐፊው መጀመሪያ በ«ሰብሳቢ» አዘጋጅተውት ነበር። ከስሞቹ ግርጌ «ሥራው ተፈጽሟል» የሚል ስለወጣ፣ ወረቀቱን ቀደው እንደገና በ«ደርድር» አስደረደሩት። ስሞቹ በየተራቸው ወጡ፤ መሣሪያውም ምንም አላለም።