እጅሽ ያለሰለሰው ቀርከሃ

ይድረስ ለእናቴ፣ ከደጃፍሽ ድንጋይ ላይ ሆኖ ከሚጽፍልሽ ልጅሽ።

እምዬ፣ ከተለየሽን ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትሽን ባለፈው እሑድ አወጣን። እንግዳው ሁሉ ተሸኝቶ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ፀሐይ ትሞቂበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ይህን ደብዳቤ ጀመርሁ። የእናትና የልጅ ነገር ነውና በልቤ ይዤው ብኖር በቻልሁ ነበር። ነገር ግን የበደልሁሽ በአደባባይ በጸና ደንብ ነው፤ እንዲህ ያለ በደል በጓዳ በተነገረ ይቅርታ አይታጠብም። ስለዚህ አንቺን እያዋየሁ ሌላውም ሰው ይስማኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ፤ ሰው ከደጅ ሲገባ ከሰላምታ በፊት እርሱን ትጠይቂ ነበርና። ገብሱ ዘንድሮ ሰምሯል። ባቄላውን ውርጭ መታው። ዳማዋ ባዝራሽ ወልዳለች፤ ውርንጭላዋ አጥር ላይ እየተሻሸች አስቸግራለች። ከጓሮ ያለው የቀርከሃ ደን ወደ ጎረቤት ድንበር ተሻግሮ ስለ በቀለ በሱ ትንሽ ተጨቃጭቀን ታርቀናል። ቤቱ አለ። የመጨረሻ ልጅሽ፣ ታናሽ እህቴ አንጓችም በቤቱ አለች። እነዚህን ሁለት አጫጭር ቃላት ለመጻፍ ስንት ነገር እንዳለፈ ነው የማጫውትሽ።

በጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ዳኛ ሳለሁ፣ ጧሪ ላጡ አረጋውያን በመንግሥት ወጪ መጠጊያ ቤት ይቋቋም ተብሎ፣ ደንቡን ከሚያረቅቁት አምስት ሰዎች አንዱ እንድሆን መመረጤን ታስታውሻለሽ። አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በወጣበት ዘመን ነበርና እያንዳንዳችን ሕግ መጻፍ አምሮን ነበር። አገራችን የጦረ ይውረስ ትላለች። እኔም ይህን ይዤ፣ በመጠጊያው ሲጦር የኖረ ሰው ሲሞት ቤት ቢኖረው፣ ቤቱ ለመጠጊያው ይሁን፣ በእርሱም ሌላው ችግረኛ ይጦርበት የምትለውን አንቀጽ ጻፍሁ። ወላጁን ጥሎ ጠፍቶ፣ ሲሞት ግን በቅሎውን ጭኖ ለውርስ የሚገሠግሥ ልጅ በችሎቴ ስንቱን አይቼ ነበር! ብዕሬን የሳልሁት በእርሱ ላይ ነው። ጓደኞቼም አመሰገኑኝ። ያን ጊዜ በሐሳቤ ይታየኝ የነበረው ባዶ ቤት ነው፤ በቤቱ ውስጥ የቀረ ሰው ሊኖር እንደሚችል አላሰብሁም።

አንጓች ባሏ ሞቶባት ወደ አንቺ የተመለሰችው ዓይንሽ መፍዘዝ በጀመረበት ሰሞን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፈጽሞ ጨለመብሽ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት አብራሽ ኖረች። እኔ ደግሞ ቆርቆሮ ላክሁ። ከዳንግላ በጋሪ፣ ከመንገዱ ወዲህ በሰው ትከሻ ሲመጣ አገሩ ሁሉ ልጅ ወለደች አለሽ። ዝናብ ቆርቆሮውን በመታው ቍጥር ልጄ እያነጋገረኝ ነው ትዪ ነበር አሉ። የአንጓች ሥራ ግን ድምፅ አልነበረውም።

አንድ ጥምቀት መጥቼ ጠዋት ላይ ከአልጋሽ ተነሥተሽ፣ ማንም ሳይመራሽ ወደ ደጅ ወጥተሽ ከዚሁ ድንጋይ ላይ ስትቀመጪ አየሁ። ተገርሜ ዓይንሽ ተሻለሽ እንዴ ብልሽ ከት ብለሽ ሳቅሽብኝ። «የኔ ዓይን ያው ነው፤ አንተ ያንተን አስመርምር። ዳኛ ሆነህ ፊት ለፊትህ ያለውን አታይም?» አልሽኝ። ቀልድ መስሎኝ አብሬሽ ሳቅሁ። ምኑን እንዳላየሁ አልጠየቅሁም።

ከዚያ አንጓችን ተስቦ ያዛት። ጎረቤቶች በቃሬዛ ወስደው ሐኪም ቤት አስተኟት፤ ለወራትም አልተነሣችም። አንቺን የሚይዝ ስለ ጠፋ ለመጠጊያው ደብዳቤ ጻፍሁ፤ በሦስተኛው ቀን ተቀበሉሽ። ያን ዕለት ራሴ ነኝ በመኪና የወሰድሁሽ። ጸሐፊው ወረቀቱን አነበበልሽ፤ የገበያውን እንጂ የጽሕፈት ቤቱን አማርኛ ስለማታውቂው ወደ እኔ ዞረሽ በአገውኛ ምን እንደሚል ጠየቅሽኝ። ይጦሩሻል፣ ቤቱም ከአንቺ በኋላ የመጠጊያው ይሆናል አልሁሽ። አንቺም «አንጓችስ?» አልሽ።

«እሱ ኋላ ይታያል» አልሁሽ።

በችሎት ወንበር ላይ ተቀምጬ ለስንቱ ባለጉዳይ ያልኋት ቃል ናት። ለእናቴም አልኋት። ጣትሽን ቀለም አስነክቼ ወረቀቱ ላይ ያሳረፍሁትም እኔው ነኝ።

መጠጊያውን አልወቅስም። ንጹሕ አልጋ ነበረሽ፤ ትኩስ ምግብ አልጎደለብሽም። የቆሰለ እግርሽን ቍስል የሚያክመው ድሬሰር እንደ እናቱ እግር በየማለዳው ያጥብልሽ ነበር። አንጓች ድና በእግሯ መቆም እንደ ቻለች ልትወስድሽ መጣች፤ ቍስሉ ሳይደርቅ ከሄደች እግሯን ታጣለች ብሎ ድሬሰሩ ለመናት። እርሷም በየቅዳሜው የግማሽ ቀን መንገድ በእግሯ እየመጣች በሶ እየበጠበጠች ታጠጣሽ፣ ጠጕርሽንም ትሠራሽ ጀመር። እኔ በዚያን ዓመት ሁለት ጊዜ መጣሁ። በሁለተኛው ጊዜ ድሬሰሩ ወደ ጎን ጠራኝና፣ «እናታችን ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን ይዳብሳሉ፤ አንድ ነገር የጠፋባቸው ይመስላል። ምን ይሆን የሚፈልጉት?» አለኝ። አላወቅሁም። እኔ የማላውቀውን አንጓች ታውቀው እንደ ነበር እንኳ አልገመትሁም። ከዚያች ቀን በኋላ ዳግመኛ በሕይወት አላየሁሽም።

አርባሽ በወጣ በሳምንቱ የመጠጊያው ጸሐፊ ቤቱን ሊለካ ሜትሩን ይዞ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ከበራፉ ቆሞ «እቴ፣ አይዘኑብኝ፤ እኔ የታዘዝሁትን ነው» አላት። አንጓችም «ይለኩ ጌታዬ፣ ይለኩ፤ ሜትሩ ያጠረዎ እንደሆን መቀነቴን እፈታልዎታለሁ» አለችው። ለክቶ ሲጨርስ ይህን ደንብ የጻፈው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ነገራት።

አልከሰሰችም፤ ሽማግሌም አልላከችብኝ። በመንገደኛ አንድ ቃል ብቻ ላከችብኝ፤ «ቤቱን ልለቅ ነውና የእናታችንን ዕቃ መጥተህ ውሰድ።»

ከዚያ ቃል በኋላ የነበረብኝን ጭንቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ዝም ብል እህቴ ከተወለደችበት ቤት ልትወጣ ነው። ብናገር ደግሞ ለሰው ያጠበቀውን ለእናቱ ቤት አላላው እባላለሁ፤ እውነትም ነው። አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ እንጅባራ እስክደርስ ሁለቱን ስመዝን መጣሁ፤ ዝምታውን መርጬ ወረድሁ። ለራሱ ሲሆን ሕግ የሚያጥፍ ዳኛ አልሆንም ብዬ ነበር። ይህን ደግነት ብዬው እንደ ነበር ስነግርሽ ዛሬ አፍራለሁ።

ቤቱን ለመረከብ የመጠጊያው ኃላፊና ጸሐፊው መጡ። ርክክቡን እንዲያዩም ከአገሩ ሦስት ሽማግሎች በደጁ ተቀመጡ፤ የሚመሩት ጎረቤትሽ አያ ፈንታ ነበሩ፤ በፈረሳቸው መጡ፣ ሲወርዱ ግን ሁለት ሰው ደገፋቸው። ቀርከሃ ሲሠነጥቁና ሲሠፉ ያረጁት እኒያ ሰው ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል። ጸሐፊው ወረቀቱን አነበበ፤ የጣትሽ አሻራም ታየ። አያ ፈንታ ወደ አንጓች ዞረው ጧሪዋ እኔ ነበርሁ የምትል ከሆነ ምስክር እንዳላት ጠየቋት።

«እናቴን ሳጥብ ምስክር አልጠራሁም፣ አባቴ» አለች። ዓይኗ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም መሬት መሬቱን አየሁ።

በዚህ መካከል የአገራችን ዝናብ መጣ። ሁላችንም ተሻምተን ወደ ቤት ገባን። አያ ፈንታ ከውጭ ብርሃን ወደ ጨለማው ሲገቡ እንዳይወድቁ ግድግዳውን ለመያዝ እጃቸውን ሰደዱ፤ እዚያም የያዙትን ይዘው ቆሙ። እንቀመጥ ብንላቸው አልሰሙንም። እጃቸው ወዲያና ወዲህ ሄደ።

ከአልጋሽ ራስጌ የተነሣ የቀርከሃ መደገፊያ ነበር፣ እምዬ። በወገብሽ ልክ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ በሩ ይሄዳል፤ በሩን አልፎ አጥር አጥሩን ይዞ እስከዚህ ድንጋይ ይደርሳል፤ ሌላው ቅርንጫፉ ወደ ጓሮ ይታጠፋል። በየመታጠፊያው እጅ እንዳይልጥ ለስላሳ ቆዳ ተጠምጥሞበታል። ከበሩ መድረክ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ አንድ ቋጠሮ አለ፤ እግርሽን አንሺ ይልሻል። ስመጣ ስሄድ ኮቴን የሰቀልሁበት ነገር እርሱ ነበር። የአጥር ትርፍ መስሎኝ!

አያ ፈንታ ዓይናቸውን ጨፍነው ከአልጋሽ ተነሡ። መደገፊያውን ይዘው ሄዱ፤ ቋጠሮው ጋ ሲደርሱ እግራቸውን አነሡ፤ ዝናቡ እየመታቸው ወጡና ማንም ሳይመራቸው ከድንጋይሽ ላይ ቁጭ አሉ። እኛ በበሩ ተደራርበን እናያቸዋለን። ከዚያ ተቀምጠው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጸሐፊ፣ ና እንጂ፤ ይህንንም በሜትርህ ለካው!» አሉ።

ተመልሰው ሲገቡ እያንዳንዱን አግዳሚ ቀርከሃ በጣታቸው እየመቱ አስረዱን። ይኸኛው የመጀመሪያው ነው፤ ይኸኛው ነቅዞ የተተካ ነው፤ ይኸኛው እንደገና የተተካ ነው። «የሰው እጅ ዓመት ከዓመት ካልተመላለሰበት ቀርከሃ እንዲህ አይለሰልስም። እኔ ዕድሜዬን በእርሱ ጨርሻለሁ፤ አይዋሸኝም» አሉ። ጸሐፊው ሜትሩን ኪሱ ከተተና እርሱም በመዳፉ ዳበሰው።

የአንጓችን የዘጠኝ ዓመት ሥራ እኔም ያን ጊዜ አየሁ። የጥምቀቱ ዕለት ሳቅሽ ገባኝ። በመጠጊያው ግድግዳ ላይ እጅሽ ምን ሲፈልግ እንደ ከረመ ገባኝ። ዝም ልል የመጣሁት ሰው ተነሥቼ ቆምሁና፣ አንቀጹን የጻፍሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ስጽፈውም በቤቱ ማን ይኖራል ብዬ እንዳልጠየቅሁ፣ እናቴ ግን ጠይቃኝ እንደ ነበረና ኋላ ይታያል ብዬ በጣቷ እንዳስፈረምኋት ተናገርሁ። አንጓች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

የመጠጊያው ኃላፊ ቅን ሰው ነው፤ የጠየቀውም የቅን ሰው ጥያቄ ነበር። ይህን ቤት ብንተው ነገ ደጃችን ለሚመጣው ሽማግሌ ምን እናቀርብለታለን አለ። አያ ፈንታ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንጓች ታማ ነበር፤ ስለዚህ እናቷን ሰው ጦረላት። አንተስ ታመህ ነበር?»

«አልታመምሁም» አልሁ።

ከዚህ በኋላ ብዙ አልተከራከርንም። ከአባቴ ርስት ከድርሻዬ የሚገኘው ገብስ በየመኸሩ ወደ መጠጊያው እንዲሄድ ተፈረደብኝ፤ ፈርሜ ተቀበልሁ። በችሎት ዘመኔ እንዲህ ያለ ትክክለኛ ፍርድ የሰጠሁ አይመስለኝም። ኃላፊውም ቤቱን የሚተወው ደንቡ ሲታረም ብቻ መሆኑን አሳስቦ፣ እስከዚያ ግን አንጓችን ማንም እንዳይነካት ቃል ሰጠ።

ማረሙ ቀላል አልነበረም። ደንቡን ካረቀቅነው ከአምስታችን አንዱ ለእናትህ ቤት በር ከፈትህ አለኝ። ቤቱ የኔ እንዳልሆነ፣ እንደማይሆንም ነገርሁት፤ አላመነኝም ይሆናል። ብዙ ወራት ከተመላለስን በኋላ በአንቀጹ ግርጌ አንዲት መስመር ገባች። በወላጁ ቤት አብሮ ኖሮ ሲጦር የቆየ ልጅ፣ ወላጁ በኋላ ወደ መጠጊያው ቢገባ እንኳ፣ ከቤቱ አይወጣም ትላለች። ቀለሟ ገና ትኩስ ነው። የኛ ቤት የዳነው ባንቺ ነው፤ በዚህች መስመር ሌላው ይዳን።

አንጓች ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ግን እሑድ ማታ አልጋሽን አነጠፈችልኝ። ጠዋት ስነሣ ዓይኔን ጨፍኜ በመደገፊያሽ ሄድሁ። ቋጠሮው ጋ ስደርስ ተጣድፌ ለቀቅሁትና መድረኩ እግሬን መታኝ። ከጓዳ «ቀስ በል፤ እሷም መጀመሪያ እንዲህ ነበረች» የሚል የአንጓች ድምፅ ሰማሁ። ከዓመቱ ሁሉ እንደዚያች ቃል ያሳረፈኝ የለም።

ከድንጋይሽ አጠገብ ያለው አግዳሚ ክረምቱ አበስብሶት ነበር። ትናንት ከጓሮ ቀርከሃ ቈርጬ በገዛ እጄ ተካሁት። አንጓች ያሰርሁበትን አይታ ሳቀችና ፈትታ እንደገና አሰረችው። አሁን ስጽፍልሽ ግራ እጄ በእርሱ ላይ ነው። ሸካራ ነው እምዬ፤ ሌላው ሁሉ እንደ ሐር ሲሆን ይህ ብቻ ይቧጥጣል። እስኪለሰልስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። «ኋላ ይታያል» የምትለውን ቃል ከአፌ አውጥቻለሁ፤ ስለዚህ ቀኑን ቈርጬ እነግርሻለሁ። ገብሱ ለመጠጊያው በሚጫንበት ሳምንት፣ እንደገናም በሙት ዓመትሽ፣ ዕድሜ እስከ ሰጠኝ ድረስ በየዓመቱ እመጣለሁ። ከአልጋሽ እስከ ድንጋይሽ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንቺን እያሰብሁ፣ በዚህ አግዳሚ ላይ እጄን አሳርፌ እመላለስበታለሁ።

ልጅሽ