የአያቴ ፍየል በኑርሀያት አፍ

ኅዳር 3፣ 1970
ገበያ ዋልሁ። ሽንኩርት ረክሷል፤ ደስ አለኝ። ማታ ልጄ ለተብርሃን ከትምህርት ቤት ወሬ ይዛ መጣች። የታሪክ አስተማሪያቸው ጋሽ ፈንታሁን የውጫሌን ውል አስተምረው ሲጨርሱ፣ "ታሪክ የሰፊው ሕዝብም ነው። ያን ጊዜ ተራው ሰው ምን ሆነ? ካያቶቹ የሰማ ሰው ክፍል ይዛችሁ ኑ" አሏቸው። ውጫሌ... እትብቴ የተቀበረበት። ዐሥረኛ ክፍል አቋርጬ ባገባም አፍ አላነሰኝ። ነጠላዬን አጥቤ አሰጣሁ።

ኅዳር 5
አልጠየቀችኝም። ረስታው ይሆን? እራት ላይ "ውጫሌ ዘንድሮ ብርዱ ብሷል አሉ" አልኋት። "እህ" ብላ ሽሮዋን ጎረሰች።

ኅዳር 6
ኑርሀያትን ጠርታለች። ጎረቤታችንን። የአርዲቦ ሐይቅ ዳር ልጅ፣ ውጫሌን ለገበያ ብቻ የምታውቅ... ለተን ለምን ብላት ምን ትለኛለች? "እማዬ፣ አንቺ ከጀመርሽ ጣልያን ውሉን ሳይፈርም ደወል ይደወላል።" አባቷም ሳቀ። ይሳቅ። የሴቶች ማኅበር ሲመረጥ ኑርሀያት፣ ለቅሶ ቤት አጽናኟ እሷ፣ አሁን ደግሞ ታሪክ። እኔ ምኔ ጎደለ? ምንስ ልትናገር ነው? የምታውቀው እኔው ባጥር በኩል የነገርኋትን የአያቴን ፍየል ነው።

ኅዳር 10
"ስህንዬ፣ ወላሂ ልጅሽ አስጨነቀችኝ። ምን ልልበስ?" አለችኝ ኑርሀያት።
"ያለሽን ልበሺ" አልኋት።
ክፉ ነኝ? ትንሽ...

ኅዳር 13
ለተ ሹራቧን ረሳች ብዬ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ጠዋት የደበቅሁባት ራሴ ነኝ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

ኑርሀያት ጀመረች። ንጉሡ ውጫሌ ሰፍረው፣ ወታደሩ ቤት ለቤት የሚበላ ሲፈልግ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ያለቻቸውን አንድ ፍየል ቆጥ ላይ አውጥታ፣ እንዳትጮህ አፏን በቀሚሷ ይዛ... የኔ ፍየል። ደሜ ፈላ። እኔ ታሪኩን ስናገር ከመሀል ወደ ጎረቤት ጠብ፣ ወደ ግልገሎቹ እገባለሁ፤ መጨረሻው ደርሼም የማውቅ አይመስለኝ። እሷ ደረሰች። ወታደሩ ቀና ብሎ ቆጡን አየ። ልጅቱን አየ። "ውኃ ስጪኝ" አለ፤ ጠጥቶ ወጣ።

እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብሁ... አያቴ ፊቴ የቆመች መሰለኝ።

"ከማን ሰሙት?" አሉ ጋሽ ፈንታሁን።
"ከስህን። ያቻትና፣ ሹራብ የያዘችው። ልጅቱ አያቷ ናት።"

ሁሉም ዞረ። "ወይዘሮ ስህን፣ የሚጨምሩት አለ?" አሉኝ። ይህን ስንት ቀን ስመኝ... ተነሣሁ።
"ምንም አልጎደለም" ብዬ ተቀመጥሁ። ለተ አፏን ከፍታ ቀረች።

ኅዳር 14
ዛሬ ባጥር በኩል ጠራኋት። "እስቲ ያችን ፍየል ንገሪኝ።"
"ራስሽ የነገርሽኝን?"
"እሱኑ።"
ሳቀች። ከመጀመሪያው ጀመረችልኝ። አላቋረጥኋትም... አንዴ ብቻ። ጥቁር ናት አለች እኮ፤ ነጭ ነበረች።